ከንቲባው የትም ይቀመጥ፣ መስኮቱ ግን መሃል ይሁን

ባለፈው ኅዳር አጎቴ ከገጠር መጡ። በእጃቸው የያዙት አንዲት ጥቁር ፌስታል ነው። ውስጧ የግብር ደረሰኞች፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔና አራት ጉርድ ፎቶ አሉ። የመጡት በውርስ ያገኙትን የከተማ ቤት ስመ ንብረት ወደ ራሳቸው ለማዛወር ነው። ከተማዋን በስም አልጠራትም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካሉት አንዷ ናት ማለቱ ይበቃል።

እሳቸው የሚያውቁት ማዘጋጃ ቤት ገበያው አጠገብ ነው። ሄድን። በሩ ላይ ዝናብ ያጠበው ወረቀት ተለጥፏል። ቢሮው ወደ አዲሱ ሕንፃ ተዛውሯል ይላል። አዲሱ ሕንፃ ከተማው ጫፍ ነው፤ ትናንት ገብስ ይዘራበት የነበረ ሜዳ ላይ። ባጃጅ ይዘን ሄድን። ሕንፃው ያምራል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። መስታወቱ ያብለጨልጫል። የመሬት ክፍሉ ልጅ ደረሰኞቹን አገላብጦ አየና «የድሮዎቹ ማህደሮች ገና አልመጡም፣ እዚያው አሮጌው ቢሮ ናቸው» አለን። ተመለስን። አሮጌው ቢሮ ያገኘነው ዘበኛውን ብቻ ነው። ቁልፉ መዝገብ ቤት ከምትሠራው ሴትዮ ጋ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ አዲሱ ሕንፃ ናት።

«ጋሼ፣ ሻይ ይጠጡና ትንሽ ይረፉ» አልኳቸው።

«እኔስ አርፌያለሁ» አሉ ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ። «ያላረፈው ቢሮው ነው።»

ቢሮ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ማየት በከተሞቻችን ብርቅ አይደለም። አንዱ ከኪራይ ቤት ወጥቶ የራሱ ሕንፃ ይገባል። ሌላው ገበያ መሃል ጠበበኝ ብሎ ዳር ይወጣል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ «ሕዝቡ ተንገላታ፣ ወደ መሃል እንመልሰው» የሚል ወሬ ይነሳል። ወሬው ሲነሳ ክርክሩ ሁሉ ስለ ሕንፃ ይሆናል። ስንት ፎቅ ይሁን? በማን በጀት? የትኛው ሰፈር ይነሳ? እኔ ደግሞ ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። ባለጉዳይ የሚፈልገው የከንቲባውን ቢሮ አይደለም። የሚፈልገው አንድ መስኮት ነው። መስኮቱና ማህደሩ የት ናቸው? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሸዋ መቀመጫ ሲነሳ ያውቃል

«ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሡ ከነጦሩ የሰፈረበት። ከተመ ማለት ሰፈረ፣ ተቀመጠ ነው። ስለዚህ ከተማ የሚነሳና የሚተከል ነገር ነበር። ደብረ ብርሃንን ለየት የሚያደርጋት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መጥተው እዚያው መርጋታቸው ነው። ነገሥታቱ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲዞሩ በኖሩበት ዘመን እሳቸው ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ቦታ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሸዋ ሰው ያውቀዋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርና አንጎለላ ነበሩ። ምኒልክ ልቼን ከተሙ። ከልቼ ወደ እንጦጦ ወጡ፣ ከእንጦጦ በ1879 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። መቀመጫው በተነሳ ቁጥር ገበያውም፣ አንጥረኛውም፣ ጠጅ ቤቱም አብሮ ተነሳ። ልቼ የሚባል ትልቅ ከተማ እንደነበረ ዛሬ ቦታው ላይ ቆሞ ለማመን ይቸግራል። ለደብረ ብርሃን የቀረበ ነው፤ ያልሄደ ሄዶ ይየው። አንኮበርም ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ቀርታለች፤ የወረዳው ቢሮ የሚገኘው ጎረቤላ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። የመንግሥት መቀመጫ ከሰው መሃል ሲነሳ ምን ይዞ እንደሚሄድ እኛ ካየነው ቆይቷል። የዛሬው ልዩነት አንድ ነው። ድሮ ቢሮው ሲሄድ ከተማው ተከትሎት ሄደ። ዛሬ ቢሮው ብቻውን ይሄዳል፣ ከተማው ባለበት ይቀራል። ባለጉዳዩ ደግሞ በሁለቱ መሃል ይመላለሳል።

ሦስት መንግሥት በአንድ ከተማ

ደብረ ብርሃንን ምሳሌ ላድርጋት፤ የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ስለሆነች ነገሩ እሷ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርዷን መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

በ1999ኙ ቆጠራ ሕዝቧ 65 ሺህ ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ከዚያ የቢራ ፋብሪካዎች መጡ፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። አሁን ሪጂዮፖሊታን፣ ማለትም ክልላዊ ትልቅ ከተማ፣ ከሚባሉት ተርታ ገብታለች። ከተማዋ የረዘመችው በዋናው አስፋልት ግራና ቀኝ ነው። ከጠባሴ ተነስተህ በእግርህ ልለካት ብትል ጫማህ ይነግርሃል።

እዚህች ከተማ ላይ ሦስት የተለያዩ መንግሥታት ቢሮ አላቸው። የመጀመሪያው የዞኑ አስተዳደር ነው። ከዓለም ከተማ፣ ከአረርቲ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከመራኛ ሰው ይመጣበታል። ሁለተኛው የከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ከነክፍለ ከተሞቹ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ የባሶና ወራና ወረዳ። ወረዳው ገጠር ነው፣ መቀመጫው ግን ደብረ ብርሃን ናት። ስለዚህ የባሶና ወራና ገበሬ የመሬት ጉዳዩን ለመጨረስ የሚመጣው የሱ አስተዳደር ወደማይገዛት ከተማ ነው።

ይህ ገበሬ ስለ «መሃል ከተማ» ያለው ሐሳብ ከከተሜው ይለያል። ለከተሜው መሃል ማለት አስፋልትና ካፌ ነው። ለሱ መሃል ማለት መኪናው የሚያወርደው ቦታና ገበያው ናቸው። እህሉን ይሸጣል፣ ዘይትና ስኳሩን ይገዛል፣ በዚያው ጉዳዩን ይጠይቃል። ሦስቱ አንድ ቦታ ከሆኑ በአንድ ቀን ይመለሳል። ቢሮው ሦስት ኪሎ ሜትር ወዲያ ከሄደ ወይ ገበያውን ይተዋል ወይ ጉዳዩን። አብዛኛው ጊዜ ጉዳዩን ነው የሚተወው። ከዚያ «አርሶ አደሩ መብቱን አይጠይቅም» እንባላለን።

ሌላም እንግዳ አለ። ባለፉት ዓመታት ከወለጋና ከሌላም አካባቢ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ደብረ ብርሃን በመጠለያ ይኖራሉ። መታወቂያውም፣ የልጆቹ የልደት ወረቀትም እዚያው የቀረበት ሰው ስንት ቢሮ መዞር እንዳለበት አስቡት። ለሱ የባጃጅ ሒሳብ ቀላል ነገር አይደለም።

ለምን ዳር ይወጣል?

ባለሥልጣኖቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ዳር መውጣት የራሱ ሒሳብ አለው። ሒሳቡን ሳይረዱ «ወደ መሃል ይመለስ» ማለት ባዶ ጩኸት ነው።

ትልቁ ምክንያት መሬት ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር መሥሪያ ቤት ለቢሮው መሬት የሚያገኘው በጨረታ ሳይሆን በምደባ ነው። ከተማው ለራሱ ቢሮ መሬት ሲሰጥ ገንዘብ አያገኝም ማለት ነው። ያው መሬት መሃል ከተማ ቢሆንና ለጨረታ ቢወጣ ግን ነጋዴው ይሻማበታል። የከተሞቻችን ካዝና ደግሞ በሊዝ ገቢ ላይ በጣም ይደገፋል። ስለዚህ አንድ ከንቲባ አስፋልት ዳር ያለን ቦታ ለቢሮ ልስጥ ሲል የፋይናንስ ኃላፊው ፊቱን ያጠቁራል። ዳር ያለው የገብስ ማሳ በካሳ ይወሰዳል፣ ሰፊ ነው፣ የሚፈርስ ቤት የለበትም፣ ግቢና መኪና ማቆሚያ ይወጣዋል። ፕላኑም ላይ «አስተዳደር» ተብሎ በቀለም የተቀባ ቦታ አለ። አለቀ።

ሁለተኛው ምክንያት ኪራይ ነው። መሃል ያለው አሮጌ ማዘጋጃ ቤት ሲጠብ ጽሕፈት ቤቶቹ በየሰዉ ፎቅ ይበተናሉ። ገቢዎች እዚህ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት እዚያ፣ ሲቪል ምዝገባ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለበት። ኪራዩ በየዓመቱ ከመደበኛ በጀት ይወጣል። «ለኪራይ ይሄ ሁሉ ከሚሄድ እንሥራ» ይባላል። ልክ ነው። ሲሠራ ግን ወደተገኘው መሬት ይሄዳል።

የጸጥታው ነገርም አለ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. የደረሰባትን ያየ ባለሥልጣን አጥር ያለው ሰፊ ግቢ ቢመኝ አይፈረድበትም። ብዙ አልልበትም፤ ግን የለም ብሎ መጻፍ ውሸት ነው።

አሁን የተረሳውን ሒሳብ ልጨምር። ቁጥሩ የኔ ግምት ነው፣ ሒሳቡን ለማሳየት ብቻ። አንድ ዳር የወጣ ቢሮ በቀን 300 ባለጉዳይ ይመጣበታል እንበል። እያንዳንዱ ለመሄጃና ለመመለሻ 40 ብር ያወጣል እንበል። በቀን 12 ሺህ ብር ነው። በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንይዝ 3 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ የትም መዝገብ ላይ አይገኝም። የከተማው በጀት ላይ ኪራዩ ጠፍቷል፤ ስለዚህ «ወጪ ቀነስን» ይባላል። ወጪው አልቀነሰም። ከመንግሥት ኪስ ወጥቶ ባጃጅ በተሳፈረው ሰው ኪስ ውስጥ ገባ። «ነገ ተመለስ» የሚባል ነገር ባለበት አገር ደግሞ አንድ ጉዳይ በአንድ ምልልስ አያልቅም። ሦስት ጊዜ ቢመላለስስ? እናንተ አባዙት።

ቢሮን ተከትሎ የሚሄደው

ወደ አሮጌው ቢሮ በር ልመልሳችሁ። አጎቴ ሻይ ሲጠጡ እኔ ዙሪያውን አየሁ።

በሩ ፊት ለፊት ማመልከቻ ጸሐፊው አለ። ጃንጥላው፣ ጠረጴዛው፣ ካርቦን ወረቀቱ። ሽማግሌ ናቸው፣ የሹራብ ቆብ ያደረጉ። ከጎናቸው ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ከሱ ቀጥሎ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሮ። ከዚያ የጠበቃ ቢሮ፣ ሽሮ ቤት፣ ሊስትሮዎች። ባለጉዳይ ከመግባቱ በፊት ጫማውን የሚያስጠርግ አለ፤ ሰው ፊት ሲቀርብ እንዲከበር። ይህ ሁሉ ሰው የሚበላው በዚያ በር ነበር።

ቢሮው ሲዛወር ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁለተኛ ማሽን ገዝቶ አዲሱ ሕንፃ በር ላይ ኮንቴይነር አስቀመጠ። አቅም ነበረው። ሽማግሌው ግን አልሄዱም። አዲሱ ሜዳ ላይ ጃንጥላ አይቆምም አሉኝ፤ ነፋሱ ይነጥቀዋል። ሰው ከገበያ ሲመጣ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ያጽፍና ከዚያ በባጃጅ ይሄዳል። እዚያ ደርሶ «ማመልከቻው ለዚህ ክፍል አይደለም» ከተባለ ለማስተካከል ተመልሶ ይመጣል። ቢሮና ማመልከቻ ጸሐፊ ሲለያዩ የሚሆነው ይሄው ነው። በፕላን ወረቀት ላይ ሽማግሌው የሉም። በሥራው ውስጥ ግን አሉ።

መሃል ከተማ የሚባለው ነገርም የዚህ ድምር ነው። ቢሮ በቀን ይህን ያህል እግር ያመጣል። እግሩ ለቢሮ ቢመጣም ሻይ ይጠጣል፣ ካልሲ ይገዛል፣ ስልክ ያስጠግናል። ቢሮው ሲወጣ ሱቆቹ በአንድ ቀን አይዘጉም። መጀመሪያ ምሳ ቤቱ አንዲት አስተናጋጅ ይቀንሳል። ከዚያ ፎቶ ቤቱ ኪራይ ያዘገያል። ለነገሩ ግብሩን የሚሰበስበው ያው የወጣው መሥሪያ ቤት ነው። ገቢው ለምን እንደቀነሰ ግራ ይገባዋል።

መሃል መግባት ብቻውን መድኃኒት አይደለም

እዚህ ላይ «ይመለስ!» ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። አይቻልም።

ቢሮ መሃል ከተማ ሲገባ ስንት ሰዓት ይሠራል? ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30። ማታ ጨለማ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ትልቅ ግቢ አጥሮ፣ ምድር ቤቱን በግንብ ዘግቶ መሃል ላይ የሚቀመጥ ቢሮ ሰፈሩን አያሟሙቀውም። እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት ነው የሚሆነው።

ከሩቅ አንድ ምሳሌ ላምጣ። የአሜሪካዋ ቦስተን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መሃል ከተማዋ ሲደክምባት ማዘጋጃ ቤቷን አዲስ አድርጋ እዚያው መሃል ለመሥራት ወሰነች። ቦታው ስኮሌይ ስኩዌር የሚባል አሮጌ ሰፈር ነበር። ቡና ቤት፣ ቴያትር፣ ርካሽ ሱቅ የሞላበት። ሙልጭ አድርገው አፈረሱት። በቦታው ከሲሚንቶ የተሠራ ግዙፍ ማዘጋጃ ቤትና በጡብ የተነጠፈ ሰፊ አደባባይ ቆመ። ማዘጋጃ ቤቱ መሃል ገባ፤ ሕይወቱ ግን ወጣ። አደባባዩ በክረምት ነፋስ የሚያፏጭበት፣ በበጋ ጥላ የሌለበት ሆነ። ከተሜው ለአሥርት ዓመታት ሲያማው ኖረ። በ2022 እ.ኤ.አ. ዛፍ ተክለው፣ የልጆች መጫወቻ ጨምረው እንደገና ከፈቱት። ቦስተንም ብርድና ነፋስ አለባት። ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ውርጭ ሰፊ ባዶ አደባባይ የሚመኝ ባለሙያ ካለ አንድ ጠዋት ጋቢ ሳይለብስ ይቁምበት።

ከቅርብ ደግሞ አዲስ አበባ አለች። የማዘጋጃ ቤቷ ሕንፃ ጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው ነው። ፒያሳ ላይ፣ ከቸርችል ጎዳና ራስ፣ ዛሬም ቆሟል። ከተማዋ ስታድግ ሕንፃው ቦታውን አልለቀቀም፤ ሥራው ግን በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ተከፋፍሏል። መታወቂያ ለማውጣት ፒያሳ የሚሄድ የለም። ያ ብልህነት ነው፤ ታሪኩ መሃል ቆየ፣ መስኮቱ ወደ ሰዉ ሄደ። ያው ፒያሳ ደግሞ ሌላውን ፊት አሳይቶናል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ።

የኛ ከተሞች መሃል ላይም ያለው ይሄው ዓይነት ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ጭቃ ቤቶቹ፣ ጣሪያቸው የዛገው፣ አስፋልቱ ጀርባ የተደረደሩት እነዚያ ናቸው። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ለከተማ አስተዳደር «መሃል ላይ ቀላል መሬት» መስሎ ይታየዋል። ውስጡ ግን ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ልጅ ያሳደገች ሴት አለች። ደንበኞቿ እዚያው ሰፈር ናቸው። እሷን ከተማ ጫፍ ወስዶ ቢሮውን በሷ ቦታ ማስገባት ምን ማለት ነው? ባጃጅ የሚሳፈረውን ሰው መቀየር ብቻ ነው። ትናንት ባለጉዳዩ፣ ነገ እሷ።

ጆንያ ውስጥ ያለው ማህደር

ስለ ቢሮ ዝውውር ሲወራ ማንም የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ወረቀት።

በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋን ቁልፉን አስይዘን አሮጌው ቢሮ አመጣናት፤ ባጃጁን እኛ ከፍለን። ክፍሉን ስትከፍተው የሻጋታ ሽታ ወጣ። ወለሉ ላይ የማዳበሪያ ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ ዩሪያ የሚል ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። በያንዳንዱ ጆንያ ማህደሮች ታጭቀዋል። በእስክሪብቶ «ቀበሌ 03»፣ «ቀበሌ 05» ተብሎ ተጽፎበታል። አንዱ ላይ «ልዩ ልዩ» ይላል። ሴትዮዋ ሁለት ጆንያ ዘረገፈች። አጎቴም ተንበርክከው ይፈልጉ ጀመር። ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ የአባታቸውን ስም ግን አያጡትም። ያገኙት ራሳቸው ናቸው። «ልዩ ልዩ» ውስጥ።

የከተማ ቤት ማስረጃ ማለት ያ ማህደር ነው። ካርታው፣ የግብር ደረሰኙ፣ የድሮው የይዞታ ወረቀት፣ የጎረቤት ወሰን። እሱ ከጠፋ ባለቤቱ ራሱን ማስረዳት ይጀምራል። ምስክር ያቆማል፣ ጋዜጣ ላይ ያሳውጃል፣ ዓመት ይቆማል። ቢሮ ሲዛወር ወንበርና ጠረጴዛ በዝርዝር ርክክብ ይደረግበታል፤ ንብረት ክፍል ይፈርማል። ማህደሩ ግን ብዙ ጊዜ በጆንያ ነው። የማይገባኝ ይሄ ነው። የጠፋ ወንበር ይገዛል።

«አሁን ሁሉም ዲጂታል እየሆነ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የፋይዳ መታወቂያ መጥቷል፣ ክፍያው በቴሌብር ነው፤ ቢሮው የትም ቢሆን ምን ቸገረህ ይሉኛል። ክፍያው ልክ ነው፣ አንድ ሰልፍ ቀንሷል። ማህደሩ ግን ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ሰው አንድ በአንድ ሲያስገባው ነው። እስከዚያ «ሲስተም የለም» በተባለ ቀን የሚያድነው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ የዝውውሩ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ማህደር ይቆጠር፣ ቁጥር ይሰጠው፣ ይነሳ። ከዚያ ወንበሩ። የኃላፊው ሶፋ መጨረሻ ላይ ቢሄድ ማንም አይጎዳም።

ምን ቢደረግ?

እኔ የምለው ቀላል ነው። የከተማ አስተዳደርን ሁለት ቦታ ክፈሉት። ስብሰባ የሚበዛበት፣ ዕቅድ የሚሠራበት፣ መኪና የሚቆምበት ክፍል ዳር ቢሆን ግድ የለም። ከንቲባው የገብስ ሜዳው ላይ ይቀመጡ፤ አየሩም ጥሩ ነው። ባለጉዳይ የሚቆምበት መስኮት ግን ከመናኸሪያና ከገበያ በእግር የሚደረስበት ቦታ ይሁን። ማህደሩም ከመስኮቱ ጋር ይሁን። ለዚህ አሥር ፎቅ አያስፈልግም። አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ጣሪያው ቢጠገንና ሁለት ግድግዳ ቢፈርስ ይበቃል። መሬቱ ቀድሞም የመንግሥት ስለሆነ የሊዝ ገቢ ቀረብኝ የሚያሰኝ ነገር የለም። ከጠላ ሻጯም ቤት አይደረስም።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ሲጀምር መነሻው ይሄው ነው። የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች መስኮታቸውን አንድ አዳራሽ ውስጥ ያደርጋሉ፣ ሠራተኛው ከጀርባ ይነጋገራል፣ ሰውየው አይዞርም። ስሙን ያወጣው ሰው ገብቶታል። መሶብ የሚቀመጠው መሃል ነው፤ በላተኛው ነው ዙሪያውን የሚከበው።

ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ቢታሰብ አንድ ነገር ልጨምር። አዳራሹ የከተማው ብቻ ባይሆን። የባሶና ወራና የመሬት መስኮትም አንድ ጥግ ይኑረው፣ የዞኑም አንድ የመረጃ መስኮት። ከመራኛ የመጣ ሰው «የዞን ጉዳይ ነው የወረዳ?» የሚለውን የሚጠይቀው አንድ ሰው ይኑር። እውነቱን ለመናገር ሦስቱ አስተዳደሮች አንድ ጣሪያ ሥር መስማማታቸውን እጠራጠራለሁ። የመብራት ሒሳቡን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ብቻ ስድስት ወር ይሰበሰባሉ።

የሰዓቱም ጉዳይ አለ። ገበያው ቅዳሜ በሚውልበት ከተማ ገበሬው የሚመጣው ቅዳሜ ነው፣ ቢሮው የሚዘጋውም ቅዳሜ። አንድ መስኮት ቅዳሜ እስከ ከሰዓት ቢከፈትና ሠራተኛው በምትኩ ሰኞ ቢያርፍ ሕንፃ ከመገንባት በጣም ይረክሳል።

ሁሉም ከተማ ደብረ ብርሃን አይደለም፣ ይገባኛል። ደብረ ሲና ተዳፋት ላይ ናት፤ ዳር ልውጣ ብትልም ሜዳ የላትም፣ መሃሏም ከባድ መኪና የሚያልፍበት የደሴ መንገድ ነው። እዚያ ጥያቄው ባለጉዳዩ አስፋልቱን በሰላም መሻገሩ ነው። እነዋሪ ወይም ደነባ ላይ ደግሞ ከተማው በእግር የሚያልቅ ስለሆነ ብዙ ባይጨነቁ ይሻላቸዋል። ግን ዛሬ ትንሽ ነን ብለው ዳር ያወጡትን ቢሮ ነገ ለመመለስ መሃሉ ተሽጦ ያገኙታል። አሮጌውን ማዘጋጃ ቤት ለጨረታ ከማውጣት በፊት አንድ ሌሊት ማደር ጥሩ ነው።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ካርታው ወጥቷል። እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው።

«ደስታው ይቆይ» አሉ። «የአባቴን ስም አሳስተው ጽፈውታል። ለማሳረም የምሄደው የትኛው ነው፣ የላይኛው ነው የታችኛው?»

እኔም አላወቅሁም። ሽማግሌውን ማመልከቻ ጸሐፊ ይጠይቁ አልኳቸው።